ለእንጦጦው ሩጫ ምን ዓይነት ጫማ ይሻላል?

(በእድራችን ዓመታዊ ጠቅላላ ጉባኤ ላይ የተሰጠ ንግግር)



ዛሬ እንድናገር የተሰጠኝ ርዕስ ጫማ ነው። እንደሚታወቀው በእድር ስብሰባ ላይ የሚነገረው ስለ ድንኳን፣ ስለ ወንበር፣ ስለ ብረት ድስትና ስለ ውዝፍ ክፍያ ነው። ስለ ጫማ የተነገረበት ጊዜ ትዝ አይለኝም። ስለዚህ አንዳንዶቻችሁ ብትስቁ አልቀየምም።

ጉዳዩ እንዲህ ነው። በ2017 ዓ.ም. መጀመሪያ ላይ የካዛንቺስ ሰፈራችን ብዙው ክፍል ለኮሪደር ልማት ሲነሣ፣ አጥር ለአጥር ይኖር የነበረው አባላችን ግማሹ ገላን ጉራ ገባ፣ ግማሹ ወደ ሌላ ዳርቻ ሄደ፣ ጨርቆስ በኩል ያለነው ደግሞ እዚሁ ቀረን። ከዚያ ወዲህ የምንገናኘው ሰው ሲሞት ብቻ ሆነ። ወጣቶቻችን ይኸን አይተው፣ «ለቅሶ ላይ ብቻ ለምን እንገናኛለን? በኅዳር አንድ እሑድ በድሮው ሰፈራችን ተሰብስበን እስከ እንጦጦ ማርያም ሮጠን እንመለስ፤ የቻለ ይሩጥ፣ ያልቻለ ይሂድ» ብለው አሳብ አቀረቡ። በበኩሌ በጣም ደስ ብሎኛል። ካዛንቺስ የሚለው ስም ራሱ የመጣው ጣልያን ለመንግሥት ሠራተኞቹ ቤት ይሠራበት ከነበረው ድርጅት፣ ካሳ ኢንቺስ ከሚባለው ነው፤ ጸሐፊ ሊኖርበት የተሠራ ሰፈር ነው ማለት ነው። ጸሐፊ ደግሞ ቁጭ ብሎ ነው የሚውል። መሮጥ ከጀመርን እሰየው ነው።

ነገሩ የከረረው ጫማ ላይ ነው። አንድ ነጋዴ 80 ጥንድ እስፖርት ጫማ በአንድ ዋጋ፣ በቅናሽ አቀርባለሁ ብሎ ናሙና አመጣ። ከኮሚቴው ውስጥ ገሚሱ ከእድሩ ካዝና ይገዛ አለ፣ ገሚሱ አይሆንም አለ። በኋላ፣ «እስቲ 31 ዓመት ንብረት ክፍል ውስጥ ጫማ ሲያድል የኖረ ሰው አለ፣ እሱ ይናገር» ተባለና እዚህ ቆምኩ። ትምህርቴ እስከ 6ኛ ክፍል ነው፤ ሐኪምም አሠልጣኝም አይደለሁም። የምናገረው ያየሁትን፣ ያነበብኩትንና ጫማ ሰፊዎች ያስተማሩኝን ነው።

መጀመሪያ መንገዱን እንወቀው። ጫማ ከመምረጥ በፊት መሬት ይታያል። ከካዛንቺስ ተነሥተን በአራት ኪሎ፣ በስድስት ኪሎ፣ በአሜሪካን ኤምባሲ አጠገብ አልፈን ሽሮ ሜዳ እስክንደርስ አስፋልት ነው፤ ቀስ እያለ ነው ሽቅብ የሚሄደው። ከሽሮ ሜዳ በላይ ግን አቀበቱ ጉልበት ይፈትናል። ደርሶ መልሱ 20 ኪሎ ሜትር ግድም ነው፣ ከፍታውም ወደ 600 ሜትር ገደማ እንወጣለን። እንግዲህ ታምራት ቶላ ነሐሴ 4 ቀን 2016 ዓ.ም. በፓሪስ ኦሊምፒክ ማራቶን በ2 ሰዓት ከ6 ደቂቃ ከ26 ሴኮንድ ያሸነፈበት መንገድ አቀበት በዛበት ተብሎ ስንት ተወራለት፤ የዚያ መንገድ አቀበቱ ሁሉ ተደምሮ 436 ሜትር ነው። የኛው ከዚያ ይበልጣል። ይኸን የምለው ላስፈራራችሁ አይደለም፣ ነገሩን አቅልላችሁ እንዳታዩት ነው እንጂ።

ወጣቶቹ ደግሞ ሲመለሱ አስፋልቱን ትተው በባሕር ዛፉ ውስጥ ባለው በእግር መንገድ እንወርዳለን ብለዋል። እዚህ ላይ ነው ጫማው የሚፈተነው። የእንጦጦ አፈር ቀይ ነው፤ ሲረጥብ እንደ ሳሙና ያንሸራትታል፣ ሲደርቅ ደግሞ ከላዩ አሸዋ መስሎ ይንከባለላል። በዚያ ላይ የባሕር ዛፍ ቅጠልና ፍሬ ተነጥፎበታል። በኅዳር ዝናቡ አልፏል ቢባልም ጥላ ውስጥ ያለው መሬት ጠዋት ጠዋት ጤዛ አለበት። እንጨት ተሸክመው ከዚያ ተራራ የሚወርዱትን እናቶች አይታችሁ ከሆነ፣ እርምጃቸው አጭር ነው፣ እግራቸውን የሚያሳርፉት ሙሉውን ነው። እነርሱ የሚያውቁትን ጫማ ሻጭ አያውቀውም።

አሁን ወደ ጥያቄዎቹ ልምጣ። ባለፈው ሳምንት አንድ ልጅ መንገድ ላይ አስቁሞኝ፣ «ጋሼ፣ አበበ ቢቂላ በባዶ እግሩ አይደል እንዴ ያሸነፈው? ለምን በጫማ ትጨቃጨቃላችሁ?» አለኝ። ጥያቄው መልካም ነው፤ መልሱ ግን ሰው እንደሚያስበው አይደለም።

አበበ ሮም ላይ ያሸነፈው ጳጉሜ 5 ቀን 1952 ዓ.ም. ነው፤ ለእንቁጣጣሽ ዋዜማ መሆኑ ነው። የፈጀበት 2 ሰዓት ከ15 ደቂቃ ከ16 ሴኮንድ ነበር። በባዶ እግሩ የሮጠው ግን ጫማ ጠልቶ ወይም ለታይታ ብሎ አልነበረም። እዚያ ያገኘው አዲስ ጫማ እግሩን አልተመቸውም፤ በባዶ እግሩ ደግሞ ሲለማመድ የኖረ ሰው ስለሆነ፣ ከማይስማማ ጫማ የለመደ እግር ይሻላል ተብሎ ተወሰነ። አሠልጣኙ ስዊድናዊው ኦኒ ኒስካነን ነበር። አስተውሉ፣ ውሳኔው ስለ ልክ ነው። በ1953 ዓ.ም. ጃፓን ሄዶ ሲወዳደር ኦኒትሱካ የተባለው ጃፓናዊ ጫማ ሠሪ ሆቴሉ ድረስ ሄዶ ለምኖት ጫማ አድርጎ ሮጠ፣ አሸነፈም። ከዚያም ጥቅምት 11 ቀን 1957 ዓ.ም. ቶኪዮ ላይ፣ የትርፍ አንጀት ቀዶ ሕክምና በተደረገለት በስድስት ሳምንቱ ግድም፣ ጫማና ካልሲ አድርጎ በ2 ሰዓት ከ12 ደቂቃ ከ11 ሴኮንድ ገባ። በሦስት ደቂቃ ፈጠነ ማለት ነው። ጫማው ፑማ ነበር። ሦስቱን ደቂቃ ጫማው ሰጠው አልልም፤ መንገዱም አየሩም ሌላ ነው። ነገር ግን የባዶ እግር ጀግና የምንለው ሰው ራሱ፣ እግሩን የሚስማማ ጫማ ሲያገኝ አደረገ። ልጁንም ይኸንኑ ነው ያልኩት።

በዚያ ላይ የባዶ እግርን ነገር ሌላው ወገኑን እንየው። በሀገራችን ደጋ ቀይ አፈር ላይ በባዶ እግሩ ዕድሜውን ሙሉ የሚሄድ ገበሬ እግሩ የሚያብጥበት በሽታ አለ፤ ዝሆኔ የምንለው ነው። ድሮ የዘር ነው፣ እርግማን ነው ይባል ነበር፤ ሰውየውን ለጋብቻም ለማኅበርም ይሸሹት ነበር። ኤርነስት ፕራይስ የተባለ እንግሊዛዊ ሐኪም ኢትዮጵያ ውስጥ ሠርቶ፣ ይኸኛው ዝሆኔ በትንኝ የሚመጣው ሳይሆን ከቀዩ አፈር ውስጥ ያለው ደቃቅ ነገር በእግር ቆዳ እየገባ የሚያመጣው መሆኑን አስረዳ። መከላከያውም ጫማ ማድረግና እግርን በውሃና በሳሙና መታጠብ ነው። አንድ ቀን በባዶ እግር መሮጥ ዝሆኔ አያመጣም፤ ጠርሙስና ሚስማር ግን በአንድ ቀን ይወጋል። ስለሆነም በባዶ እግሬ እሮጣለሁ የሚል ካለ ከወዲሁ ቢተወው እመክራለሁ።

ስለ ልክ በደንብ ልናገር፤ ዋናው እሱ ነውና። ሰው ጫማ ሲገዛ ቁጥሩን ነው የሚጠይቀው፤ «41 ነኝ» ይላል። ቁጥር ግን ከፋብሪካ ፋብሪካ ይለያያል፤ የአንዱ 41 የሌላው 40 ነው። እግር ደግሞ ጠዋትና ማታ አንድ አይደለም፤ ውሎ ያብጣል፣ በረጅም ሩጫ ላይ ደግሞ ይብስበታል። ስለዚህ ጫማ የሚሞከረው ከቀትር በኋላ ነው። ቆማችሁ ሞክሩት እንጂ ተቀምጣችሁ አይደለም። ከረጅሙ ጣት ፊት የአውራ ጣት ውፍረት ያህል ክፍት ቦታ ይቅር። ረጅሙ ጣት ሁልጊዜ አውራ ጣት አይደለም፣ ሁለተኛው የሚረዝምበት ሰው ብዙ ነው። ሁለቱ እግሮች እኩል ያልሆኑለት ሰው ለትልቁ ይግዛ።

ለምን ይኸን ያህል እጨነቃለሁ? ቁልቁለት ስላለ ነው። አቀበቱን ሲወጡ ማንኛውም ጫማ ያወጣል፤ ሳንባ ነው የሚያንሰው። ሲወርዱ ግን እግር በየእርምጃው ወደ ፊት ይሸሻል፣ ጣት ከጫማው አፍንጫ ጋር ይጋጫል፣ በማግስቱ ጥፍር ይጠቁራል፣ ከሳምንታት በኋላ ይነቀላል። የዚህ መድኃኒት ሰፊ ጫማ ብቻ አይደለም፤ ሰፊ ሆኖ ተረከዙ ከለቀቀ እግር ጭራሽ ይንሸራተታል። ፊቱ ለጣት ይፍታታ፣ ተረከዙ ግን ይያዝ። ክሩም ከላይ እስካለችው መጨረሻ ቀዳዳ ድረስ ይግባ። ያቺን ቀዳዳ ማንም አይጠቀምባትም፣ ጌጥ ይመስለናል፤ የተሠራችው ግን ለዚሁ ለቁልቁለት ነው። እንጦጦ ላይ ስንደርስ ሁላችንም ጎንበስ ብለን ክራችንን አጥብቀን እንድናስር ነው የማስበው።

አሁን አንድ የሚከብድ ነገር ልናገር ነው። አምና ካቻምና የቀበርናትን አንዲት እናት ብዙዎቻችሁ ታስታውሳላችሁ፣ ስም አልጠራም፣ ልጆቿ እዚህ አሉ፣ እንድናገርም ፈቅደውልኛል። ስኳር ነበረባት። ከአዲሱ ሰፈሯ ለቅሶ ልትደርስ መጣች፤ ታክሲ አጥታ ብዙ መንገድ በእግሯ ሄደች። ያደረገችው አዲስ የላስቲክ ጫማ ነበር። ተረከዟ ውሃ ቋጠረ፣ ፈረጠ፣ እሷ ግን አልተሰማትም። ስኳር የቆየበት ሰው እግሩ ይደነዝዛል፣ ሕመም አይነግረውም። ያየችው ካልሲዋ ላይ እድፍ ስታገኝ ነው። ከዚያ በኋላ ቁስሉ አልድን አለ፣ ጣቷ ተቆረጠ፣ ቀጥሎ እግሯ፣ ቀጥሎ የኛን ድንኳን ተከልን። ሞቷ ሌላም ምክንያት ይኖረዋል፤ እኔ የማውቀው ግን በጫማ እንደተጀመረ ነው።

በዚህ እድር ውስጥ ስኳር ያለበት ስንት ሰው እንደሆነ ለመቁጠር ጣታችን አይበቃም። እናንተ ሩጫ ላይ ባትኖሩም በእግር ልትሄዱ ተመዝግባችኋል። ጫማ ከማድረጋችሁ በፊት እጃችሁን ከተታችሁ ውስጡን ዳብሱት፤ ጠጠር፣ የተጣጠፈ ገበር፣ የወጣ ሚስማር ይኖራል። ማታ ውስጥ እግራችሁን እዩ፣ ማየት ካልቻላችሁ ልጅ ይይላችሁ። ውሃ የቋጠረውን በመርፌ አትፈንዱ፣ ወደ ጤና ጣቢያ ሂዱ። ክፍት ጫማም ለዚህ መንገድ አይሆናችሁም። ኮሚቴው ደግሞ እነዚህን አባሎች ከሽሮ ሜዳ በላይ በመኪና ቢያደርሳቸው ምንም ነውር የለበትም።

ወደ ሶሉ ልለፍ። ሶል ሦስት ነገር ይታይበታል፤ ጥርሱ፣ ውፍረቱ፣ ጥንካሬው። ለአስፋልት የተሠራ ጫማ ሶሉ ለስላሳ ነው፣ ጥርሱም ያልጎላ ነው፤ ባሕር ዛፍ ውስጥ ያንሸራትታል። ለተራራ ብቻ የተሠራው ደግሞ ጥርሱ የጎላ ስለሆነ አስፋልት ላይ እግር ያደክማል፣ ቶሎም ያልቃል። የኛ መንገድ አብዛኛው አስፋልት፣ ጥቂቱ ጫካ ስለሆነ መካከለኛ ጥርስ ያለው ይበቃል። ጥርሱ ተራራቅ ያለ ይሁን፤ ከተጠጋጋ ጭቃው ይሞላበትና እንደ ሊጥ ተለጥፎ ይቀራል።

ስለ ውፍረት ወጣቶቹ አሁን የሚያወሩት ሌላ ነው። ትዕግሥት አሰፋ መስከረም 13 ቀን 2016 ዓ.ም. በርሊን ላይ በ2 ሰዓት ከ11 ደቂቃ ከ53 ሴኮንድ የዚያን ጊዜውን የዓለም ክብረ ወሰን ስትሰብር ያደረገችው የአዲዳስ ጫማ፣ አንዱ እግር 138 ግራም ነበር የሚመዝነው፤ ሰባቱ ተደምረው አንድ ኪሎ አይሞሉም። ዋጋው 500 የአሜሪካን ዶላር፣ የተሠራውም ለአንድ ማራቶን ነው ተብሏል። ክብደት ዋጋ እንዳለው እውነት ነው፤ አጥኚዎች እንደሚሉት በእያንዳንዱ ጫማ ላይ 100 ግራም ሲጨመር ሯጩ የሚያወጣው ጉልበት በመቶ አንድ ያህል ይጨምራል። ታዲያ ለኛ በመቶ አንድ ምን ታደርግልናለች? በዚያ ላይ ያ ወፍራምና ለስላሳ ሶል ለተስተካከለ አስፋልት ነው የተሠራው፤ ድንጋይና ሥር ባለበት መሬት ከፍ ያለ ሶል ቁርጭምጭሚትን ያጥፋል። ከዚህ በተረፈ «የሷን የመሰለ» ተብሎ መንገድ ላይ የሚሸጠው ኮፒ መሆኑን ሁላችንም እናውቃለን።

ውፍረቱ ለባለሙያዎቹም መዘዝ አምጥቷል። መስከረም 2 ቀን 2014 ዓ.ም. ደራራ ሁሪሳ የተባለው ወገናችን ቪየና ላይ ማራቶን በ2 ሰዓት ከ9 ደቂቃ ከ22 ሴኮንድ አሸነፈ። ጥቂት ቆይቶ ጫማው ሲለካ ሶሉ 5 ሴንቲ ሜትር ሆኖ ተገኘ፤ የተፈቀደው 4 ነው። ድሉ ተነጥቆ ለኬንያዊው ተሰጠ። ከውድድሩ በፊት ፎርም ላይ ያስመዘገበው ሌላ ጫማ፣ የሮጠበት ግን የልምምድ ጫማው ነበር ተባለ። እኔ ዕድሜዬን ፎርም ስሞላና ሳስሞላ የኖርኩ ሰው ስለሆንኩ ይኸን ሳነብ በጣም ነው ያዘንኩት። 42 ኪሎ ሜትር ሮጦ በአንድ ሴንቲ ሜትር!

አዲስ መግዛት የማይችል ሰልባጅ ይግዛ፣ አያፍርበት። አገላብጦ ግን ይይ። ጫማውን ጠረጴዛ ላይ አስቀምጣችሁ ከኋላ እዩት፤ ወደ አንድ ወገን ካዘነበለ የድሮው ባለቤቱ አረማመድ ገብቶበታል፣ የናንተን ጉልበት ያጣምማል። በአውራ ጣት ሶሉን ጫኑት፤ ካልተመለሰ ስፖንጁ ሞቷል። አንድ የሩጫ ጫማ ከ500 እስከ 800 ኪሎ ሜትር ነው የሚያገለግለው ይባላል፤ ሰልባጅ ላይ ስንቱ እንዳለቀ የሚናገር የለም፣ ጥርሱን ማየት ነው። ሙጫው ከደረቀ ዝም ብላችሁ ወደ ጫማ ሰፊ ሂዱና ሶሉን ዙሪያውን በክር አሰፉት። በጎን በኩል ባለው መስመር ይስፋው በሉት፤ ወደ ውስጥ ዘልቆ ክሩ ከተቋጠረ ውስጥ እግር ይልጣል። በረባሶ የለመደ አባት ካለ ለመሄድ ይሄድበት፣ የመኪና ጎማ መሬት ይይዛል። ለሩጫ ግን አይሆንም።

እንግዲህ ወደ 80ው ጥንድ ልመለስ። እኔ በሠራሁበት አንድ መሥሪያ ቤት የግዢ ኮሚቴ ለሠራተኛ ጫማ በጅምላ ገዛ። ናሙናው 42 ቁጥር ስለነበር የመጣው በሙሉ 42ና 43 ሆነ። የጽዳት ሴቶች 37 ነበሩ። ወረቀት እየጠቀጠቁ አደረጉት፣ አንዷ ከደረጃ ወደቀች፣ ከፊሉ ጫማ ደግሞ መጋዘን ውስጥ ሙጫው ደርቆ ተወገደ። በወረቀት ላይ ቅናሽ የተገኘበት ግዢ ነበር። አሁንም ነጋዴው መጥፎ ሰው ነው አላልኩም፤ ናሙናውን አጥፌ አይቼዋለሁ፣ መሐሉ ላይ ነው የሚታጠፈው። ጥሩ ጫማ የሚታጠፈው ጣቶች በሚታጠፉበት ላይ ነው።

ገንዘቡንም በተመለከተ አቋሜ ግልጽ ነው። በእድሩ ካዝና ያለው ብር የሬሳ ሣጥንና የሐዘንተኛ ቤት ብር ነው። መተዳደሪያ ደንባችን ጫማ አይልም፤ እንዲል ከተፈለገም ደንቡ በጉባኤ ይለወጥ እንጂ በጓዳ አይወሰን። በበኩሌ የማቀርበው አሳብ፣ በፈቃደኝነት የሚዋጣ ለብቻው ደረሰኝ ያለው ገንዘብ ይሰብሰብ፣ ከዚያ መግዛት ለማይችሉት ብቻ እያንዳንዱ ሰው በልኩ ተገዝቶ ይሰጠው ነው። ወላጅ ያጡት የእድራችን ልጆች ይቅደሙ።

ካልሲን ረስቼ። የጥጥ ካልሲ ላቡን ይዞ ይቀመጣል፣ እርጥብ ቆዳ ደግሞ ውሃ ለመቋጠር ቅርብ ነው። ሳሳ ያለ፣ ስፌቱ ጣት ላይ የማይጎረብጥ ይሁን። ቫዝሊን ተረከዝና የጣት መሐል መቀባት ይረዳል። አዲስ ጫማ የገዛም ለዕለቱ ብሎ ሣጥን ውስጥ አያስቀምጠው፤ ከአሁን ጀምሮ ገበያም፣ ቤተ ክርስቲያንም፣ መስጊድም ይሂድበት፣ ቢያንስ አንድ ወር። ጫማ ከለጋ እግር ጋር የሚተዋወቅበት ቀን እንጦጦ መሆን የለበትም።

ልኬቱን በሚመለከት፣ በሚቀጥለው እሑድ ከቀትር በኋላ በ10 ሰዓት ድንኳናችን በሚቀመጥበት መጋዘን በር ላይ እገኛለሁ። ካርቶንና እርሳስ እኔ አመጣለሁ፤ እናንተ ልትሮጡበት ያሰባችሁትን ካልሲ አድርጋችሁ ኑ። ከገላን ጉራና ከሌላው ዳርቻ ለዚህ ብላችሁ መምጣት የማትችሉ፣ ወረቀት ላይ ቆማችሁ ልጅ እግራችሁን በእርሳስ ያስምር፣ ስማችሁና የእድር መዝገብ ቁጥራችሁ ይጻፍበት፣ ለቅሶም ሆነ ለወርኃዊ ክፍያ በሚመጣ ሰው ላኩልኝ። ሁለቱም እግር ይሁን።